ባዶ ቤት አቤቱታ የለውም

እህቴ አገር ቤት በነበረችበት ዘመን፣ በየዓመቱ ጥር ሲጋመስ አንድ ጆንያ ጤፍ በአውቶቡስ ትልክልኝ ነበር። አውቶቡሱ ላምበረት መናኸሪያ ሲደርስ ረዳቱ ይደውልልኛል። ሄጄ ከተደረደረው ጆንያ መካከል የእኔን ለመለየት ማንንም መጠየቅ አያስፈልገኝም። አፉን የምትሰፋው በቀይ ክር ነው፤ ስፌቷም እንደ ራሷ ችኩልና ጥብቅ ነው። ጤፉ ውስጥ እንቁላል ትቀብርበታለች። ያን ሁሉ ዳገትና ጠመዝማዛ አልፎ ሲመጣ አንድም ተሰብሮ አግኝቼ አላውቅም። ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ጆንያው ሲፈታ ዙሪያውን ይከቡና እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ሰድደው እንቁላል ይፈልጉ ነበር። እኔ "እህል መጫወቻ አይደለም" እያልኩ እቆጣለሁ። እነሱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን እኔም እጄን ከትቼ ጥቂት አቆየዋለሁ። የአገሬ ጤፍ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው።

አገሬ የምለውን ቦታ ስም እዚህ አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም። ዛሬ የቦታ ስም ሲጠራ ሰሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ደረሰባቸው" ብሎ ሳይሆን "የየትኛው ወገን ናቸው" ብሎ ነው። ያን ጥያቄ ለሚጠይቅ ሰው የማወራው የለኝም።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አዲስ አበባ ስገባ ሾላ ገበያ አንድ የእህል መደብር ውስጥ ተሸካሚ ሆንኩ። በዚያ ዘመን ስኳሩም በርበሬውም የሚጠቀለለው በአሮጌ ጋዜጣ ነበር። ፊደሉን ከጆንያ ላይ ጽሑፍ ለየሁ፤ ንባቡን ከእነዚያ ብጥስጣሽ ጋዜጦች ተማርኩ። ወሬው ሁሉ ግማሽ ነበር። እኔ መጀመሪያውን ሳነብ መጨረሻው በሌላ ሰው በርበሬ ላይ ተጠቅልሎ ሄዷል። ሙሉ ሆኖ የተጻፈ ነገር ሳይ ከልክ በላይ የማምነው ምናልባት ለዚህ ይሆናል።

ከዓመታት በኋላ ከአንድ መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚያ ጠረጴዛ ነው። ደንብ ነበረኝ። ጉዳዩ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ስድብና እርግማን አይገባም። ከታች ግልባጭ የሚደርሳቸው መሥሪያ ቤቶች በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፤ አንዱ ቢተኛበት ሌላው እንዲያየው። ተናዶ የመጣ ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል፤ ብዕሬን የማነሳው ከዚያ በኋላ ነው። "ንዴትህን ለሚስትህ ንገራት፤ ለመንግሥት የሚነገረው ፍሬ ነገሩ ነው" እል ነበር። በእኔ ማመልከቻ ጡረታው የተከበረለት ሰው አለ። የውሃ መስመር የገባለት ሰፈር አለ። ስለዚህ በወረቀት ማመኔ ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም፤ ሲሠራ በዓይኔ አይቼ ነው።

አሁን ጡረተኛ ነኝ ልበል፤ የሚጦረኝ መሥሪያ ቤት ባይኖርም። የምኖረው ለሚ ኩራ፣ በዕጣ በደረሰኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴና ገና ካላገባችው ትንሿ ልጄ ጋር ነው። ከበረንዳችን የቦሌ ለሚ ፋብሪካዎች ጣሪያ ይታያል። እኔ ይህን አካባቢ ሳውቀው ሽምብራና ጤፍ ነበር፤ ለመደብሩ በቅሎ ጭድ ልገዛ ከሾላ በእግሬ እመጣ ነበር። ያን ጊዜ ጭድ የሸጡልኝ ገበሬዎች ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ሰው ከመሬቱ ሲነሳ ድምፁ ሩቅ እንደማይሰማ ከእነሱ ልማር ይገባኝ ነበር። አልተማርኩም።

እህቴ ታናሼ ናት። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበር፤ መሬቷን የሚያርስላት ጎረቤቷ የሆነ ሽማግሌ ነው። ይህን ሽማግሌ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስነሳ ከመኪና ጎማ በረባሶ ሠርቶ እግሬ ላይ ልኩን እያየ ያሰረልኝ እሱ ነው። "ይህ ሳያልቅ ተመለስ" ብሎኝ ነበር። በረባሶው አላለቀም፤ እኔ ግን ሳልመለስ ቀረሁ።

እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቴ ከደብሩ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ትወጣለች። ኔትወርክ ያለው እዚያ ብቻ ነው። "ወንድምጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?" ብላ ስትጀምር ከጀርባዋ ንፋሱ ይሰማኛል። ከዚያ የሳምንቱን ወሬ ትዘረግፈዋለች። ላሟ ወለደች። የእገሌ ልጅ ቆረበ። ሽማግሌው አውድማ ላይ ተንሸራቶ ወድቆ፣ ሰው ሁሉ ሲስቅበት "በሬውም እኮ ይወድቃል፤ በሬውን ለምን አትስቁበትም?" አለ። እሷ ስታወራ እኔ በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ ዓይኔ የፋብሪካ ጣሪያ እያየ፣ እግሬ እዚያ አውድማ ላይ ነበር። ልጄ "አባዬ ዛሬ ዜና እየተከታተለ ነው፤ አትረብሹት" ትል ነበር። እንዲህ ያለ እሁድ ስንት እንደነበረኝ አልቆጠርኩም። የማያልቅ ነገር አይቆጠርምና።

ከዕለታት አንድ እሁድ "እንግዶች መጥተው ነበር" አለችኝ። ማን እንደሆኑ በስልክ መናገር አልፈለገችም። በሚቀጥሉት እሁዶች ነገሩ ቀስ በቀስ ገባኝ። ማታ የታጠቁ ሰዎች ከጫካ ወርደው ራት ይጠይቃሉ። ሲነጋ ደግሞ የመንግሥት የሆኑት የታጠቁ ሰዎች ይመጡና ማንን እንዳበላች ይጠይቃሉ።

"ማታ የመጡት 'ለምን ለእነዚያ ውሃ ሰጠሽ' ይላሉ" አለችኝ። "ቀን የመጡት 'ለምን ለእነዚያ እንጀራ ሰጠሽ' ይላሉ። እኔ ወዳጅና ጠላት መች ለየሁ? የማበላው የቆመብኝን ጠመንጃ ነው።"

በዚያ ዓመት ጥር ተጋመሰ፤ ረዳቱ አልደወለም። ላምበረት ድረስ ሄድኩ። በአገሬ መስመር የሚሠራው አውቶቡስ ጎማው አቧራ ለብሶ ጥግ ላይ ቆሟል። ረዳቱ በሩ ላይ ተቀምጦ ለውዝ ይፈለፍላል።

"አባባ፣ በዚያ መስመር መውጣት ከተውን ቆየን። መንገድ ላይ ተሳፋሪ እያወረዱ ይወስዳሉ" አለኝ።

"ትናንት በዜና መንገዱ ተከፍቷል ሲባል ሰምቻለሁ" አልኩት።

"እንግዲያው በዜናው መንገድ ይሂዱ" አለ። ከዚያ እንዳስቀየመኝ ሲያይ እፍኝ ለውዝ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩትም። በሽማግሌ የሚያላግጥ ሰው ለውዙ አይበላም ብዬ ነበር። ዛሬ ሳስበው ካገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ እውነቱን በቅንነት የነገረኝ እሱ ነው።

በዚያው ሳምንት እህቴ ጠየቀችኝ። እሁድም አልነበረም፤ እንደ ልማዷም አልጀመረችም። "ወንድምጋሼ፣ ልምጣ ይሆን?" አለች።

አሁን የምጽፈው ነገር ነው ይህን ሁሉ ያስጻፈኝ። ትምጣ ነበር የሚባለው። ማንም ሰው፣ ያልተማረም ሰው፣ ነይ ይላታል። እኔ ግን በጠረጴዛዬ ዘመን አንድ ነገር ደጋግሜ አይቼ ነበር። አቤት ያለ ሰው ቦታውን ለቆ ከሄደ መዝገቡ ይዘጋል። አጣሪ ይመጣና በሩ ተዘግቶ ያገኛል፤ "ባለጉዳዩ በቦታው አልተገኘም" ብሎ ጽፎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ የዚያን ሰው አቤቱታ የሚሰማ የለም። ስለዚህ "ባዶ ቤት አቤቱታ የለውም" አልኳት። "አንቺ እዚያው ሁኚ። ለሁላችሁም እኔ እጽፋለሁ። አጣሪ ሲመጣ ሰው ሊያገኝ ይገባል።"

"እርስዎ ካሉ" አለች።

በማግስቱ ጉብታው ላይ ወጥታ የመንደሩን አባወራዎች ስም አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ። አርባ ያህል ሰው ነው። የሽማግሌው ስም ሰባተኛ ነበር። ስሞቹን ስጽፍ ደስታ ተሰምቶኝ ነበር ብል አትመኑኝም ይሆናል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያልጠራኋቸው ስሞች ናቸው። ከየስሙ ጋር አንድ በር፣ አንድ ውሻ፣ አንድ የግራር ጥላ ይመጣብኝ ነበር። ጉዳዩን በአንድ መስመር ጻፍኩት፦ የሕይወትና የንብረት ጥበቃ እንዲደረግልን ስለመጠየቅ። ከታች አምስት ግልባጭ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ማመልከቻ አልጻፍኩም።

ልጄ ቦሌ አንድ ድርጅት ውስጥ በቢሮ ነው የምትሠራው። ኮምፒውተር ላይ እንድትተይብልኝ ስሰጣት አነበበችውና "አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ማመልከቻ?" አለች።

"ምን ሊጻፍ ኖሯል ታዲያ?"

"እዚያ ያለውን ነገር እኮ ከእኛ በፊት ያውቁታል። ኢንፎርሜሽን አጥተው መሰለህ?"

"ማወቅ ሌላ፣ በመዝገብ መግባት ሌላ" አልኳት። ተየበችልኝ። ስትተይብ የፊደል ስህተቴን እንኳ አላረመችም፤ እሷ እንዲህ ዝም ስትል አልወድም።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት "ይህ የክልል ጉዳይ ነው" አለኝ። የክልሉ ጉዳይ አስፈጻሚ "ጸጥታ ስለሆነ የእኛ አይደለም" አለ። ሦስተኛው ቦታ መዝገብ ቤት ያለችው ሴት ተቀበለችኝ፤ ማህተም አደረገችበት፤ ቁጥር ሰጠችው። ያን ማህተም ሳይ ደረጃውን እንደ ወጣት ነው የወረድኩት። በዚያው እሁድ ለእህቴ "ቁጥር ወጥቶለታል" ብዬ ነገርኳት። እሷም ለመንደሩ ነገረች። በኋላ እንደሰማሁት ያን ቁጥር በቃላቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ።

በመካከሉ የሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ከወረዳው የመጣው ወጣት ኃላፊ ትሑት ነበር፤ ቆሞ ነው የተናገረው። አገሪቱ ሰላም እንደሆነች፣ በአንዳንድ የገጠር አካባቢዎች የቀሩ ሽፍቶችም በቁጥጥር ሥር እየዋሉ እንደሆነ አስረዳ። ብዙውን ጊዜ እኛ ብሎክ ውስጥ ሰው የሚጮኸው ስለ ውሃና ስለ ቆሻሻ ነው። በዚያን ቀን ግን ስለ ውሃ ያነሳ አልነበረም።

መሬት ወለል ላይ የምትኖር ነርስ ነበረች፤ ከምዕራብ የመጣች፣ ጴንጤ ናት። በደረጃ ስንገናኝ ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም። ተነሥታ "እኛ ጋ ይህ ነገር ሲጀመር ልጄ አልተወለደም ነበር። አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው። 'እየዋሉ ነው' የሚለውን ቃል ከልጄ ጋር አብሬ አሳደግኩት" አለች። አንድ ባለ ሱቅ ከኋላ "በቁጥጥር ሥር የዋለው ማነው? እኛው እንሆን እንዴ?" ሲል ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። አንዱ ስለታገተ ወንድሙ፣ ሌላው ስለተቃጠለ የአባቱ ቤት። ኃላፊው ማስታወሻ መያዙን ተወ።

እኔ ተነሣሁ። "ጩኸት መዝገብ አይከፍትም" አልኩ። "መንግሥት በአንድ ቀን ሁሉን አያደርስም። ቅሬታ ያለው በሥርዓት ይጻፍ፤ ግልባጭ ያድርግ፤ በትዕግሥት ይጠብቅ። እኔ ለተወለድኩበት ቀዬ እንዲሁ አድርጌያለሁ፤ ቁጥር ተሰጥቶኛል።" ኃላፊው "አባታችን እንዳሉት" ብሎ ንግግሩን በእኔ ቃል ላይ አስደግፎ ቀጠለ። ደስ አለኝ። መደበቅ አልፈልግም፤ በጣም ደስ አለኝ። ባለ ሱቁ ግን ስንበተን በጆሮዬ "አባባ፣ እርስዎ መዝገቡን ይያዙት፤ እኛ ሬሳችንን እናንሣ" አለኝ። ባለጌ ብዬው ሄድኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጣሪው መቼ እንደሚሄድ ልጠይቅ መዝገብ ቤት ተመለስኩ። ያችው ሴት መዝገቡን አገላብጣ አገኘችው። በሐዘኔታ ነበር የነገረችኝ።

"አባቴ፣ አጣሪ ኮሚቴው የሚሄደው ጸጥታው ሲረጋጋ ነው።"

"እኔ የጻፍኩት እኮ ጸጥታ ስለሌለ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "አንብቤዋለሁ።"

ከዚያ ደረጃ ስወርድ ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ማንም እንደማይመጣ አውቄያለሁ። በዚያ እሁድ እህቴ ስትደውል ከጀርባዋ እንደ ድሮው ንፋሱ ነበር። "ወንድምጋሼ፣ ምን አሉ?" ስትለኝ "ጥቂት ታገሺ፤ ሂደት ላይ ነው" አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። በአርባ ሰው ፊት ተሳስቻለሁ ማለት አቃተኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም። ልጆቼን ውሸት ከእሳት ይከፋል ብዬ ያሳደግኩ ሰው ነኝ።

የሚቀጥለው እሁድ አልደወለችም፤ ከዚያ የሚቀጥለውም። ኔትወርኩ ተቋርጧል ተባለ። እሁድ ረፋድ ላይ በረንዳ መቆሜን አልተውኩም። ስልኩን ይዤ እቆማለሁ፤ ባለቤቴ ምሳ ቀርቧል እስክትል ድረስ።

በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የግቢው ዘበኛ ከታች ጠራኝ። "አባባ፣ አንዲት እናት የእርስዎ እህት ነኝ ትላለች፤ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች" አለኝ። ወረድኩ። እህቴ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ ከሌላ ወረዳ ከተማ በሽንኩርት ጫኝ መኪና ነው የመጣችው። ስታየኝ ተነሥታ እንደ ልማዷ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። "አይቆጡኝ ወንድምጋሼ፣ ቤቱን ባዶ ትቼ መጣሁ" አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነበር።

ወደ ላይ ወጥተን፣ እግሯን ታጥባ፣ ቁራሽ ከቀመሰች በኋላ ነው ያወቅኩት። ልጄ ከሥራ ስትገባ አክስቷን አቅፋ አለቀሰችና ወደ እኔ ዞረች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ ውጪ ያልኳት። ኔትወርኩ ሳይቋረጥ፣ አንድ እሁድ ጉብታው ላይ እንዳለች ደወልኩላት። አንተ እንዳትሰማ ብዬ ነው።"

"ከእኔ ቃል ወጥተሽ?" አልኳት።

"ከአንተ ቃል ወጥቼ" አለች። ዓይኗን አልሰበረችም። ብቆጣት የምትመልሰው ነገር እንዳላት አየሁና ተውኩት። እህቴን በሕይወት ያቆየቻት አባቷን ያልሰማችው ልጄ ናት። እውነቱ ይህ ነው።

ስለ ሽማግሌው የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እህቴ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ አብረን እንሂድ ብላው ነበር። እሱ ማረሻውን እየሳለ "ወንድምሽ ስሜን በመዝገብ አስገብቶልኛል። መጥተው ቢያጡኝ እሱን ውሸታም ሊያደርጉት ነው። አንቺ ሂጂ፤ እኔ ልጠብቅለት" አላት።

እህቴ እኛ ቤት በገባች በዘጠነኛው ቀን ከአገር ቤት አቅራቢያ ካለው ከተማ ዘመድ ደወለ። ሽማግሌው በራፉ ላይ ተገድሎ ተገኝቷል። ማን ገደለው ብዬ ጠየቅኩ። "ማታ የሚመጡት ቀን የሚመጡት ናቸው ይላሉ፤ ቀን የሚመጡት ደግሞ ማታ የሚመጡት ናቸው ይላሉ" አለኝ። የቀበረው ሰው እንኳ በውል አልታወቀም።

እህቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መሬት ተቀመጠች። "ልጅም ሚስትም የለው፤ እኔ ለቅሶ እቀመጥለታለሁ" አለች። ድንኳንና ወንበር ለመጠየቅ ወደ እድራችን ዳኛ ሄድኩ። ዳኛው አዘነልኝ፤ ግን ደንቡን አውጥቶ አሳየኝ። ድንኳን የሚተከለው ለአባል የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ግልጽና ለትርጉም የማይመች ይሁን" ብዬ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ ነበር ያጠበቅኳት። ተመለስኩ።

የቤታችንን በር ከፍቼ ወንበሮቹን እስከ ኮሪደሩ ደረደርኩ፤ ራሴም ከእህቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የመጡት የፎቃችን ሰዎች ናቸው። ከዚያ የተከፈተ በር ያየ ሁሉ ገባ። ከስብሰባው ስንበተን የሰደብኩት ባለ ሱቅ ከሱቁ ሁለት አግዳሚ ወንበር በትከሻው ተሸክሞ አራት ፎቅ ወጣ። አስቀመጠና ተቀመጠ።

"እግዚአብሔር ያጥናዎት አባባ። ምንዎ ነው ያረፈው?" አለኝ።

ለቅሶ ላይ የሚባል መልስ አለ። ጎረቤቴ ነው፣ አብሮ አደጌ ነው ማለት ይቻል ነበር። "ዘመዴ አይደለም" አልኩት። "አትውጣ ያልኩት ሰው ነው። ማንም እንደማይመጣለት አውቄ ዝም ያልኩበት ሰው ነው።" ባለ ሱቁ አሸንፌሃለሁ የሚል ፊት ያሳየኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ "የእኔም አባት እንዲሁ ነው የቀረው። ከብቱ አሳዝኖት" አለ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ማውራት ጀመረ። ስብሰባው ላይ እንደነበረው በጩኸት አይደለም፤ በለቅሶ ቤት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ። አንዱ የሰሜን ሰው ነው፣ ሌላው የምዕራብ፣ አንዷ ከደቡብ ናት። ስለ ቀዬያቸው ነበር የሚያወሩት። ስለ ምንጩ፣ ስለ ገበያው ቀን፣ ማታ በር ሳይዘጋ ይታደርበት ስለነበረው ጊዜ። እህቴ የሽማግሌውንና የበሬውን ነገር ስታነሣ ለቀስተኛው ሳቀ፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች። በተረፈ የማንም ታሪክ ከማንም አይለይም። ማታ አንዱ፣ ቀን ሌላው፤ በመካከል ደግሞ ዜናው። የተናደደ ሰው ሻይ አጠጥቼ የማበርድበት ዘመን ትዝ አለኝና አፈርኩ። ይህ ሕዝብ መናደዱ ልክ ነበር። ንዴቱም ፍሬ ነገሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነርሷ ከሥራ መልስ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች መጣች። ቁጭ ብላ ትንሽ ከቆየች በኋላ "አባባ፣ ማመልከቻ ይጽፋሉ አሉኝ" አለች። "ወንድሜ ከነልጆቹ እዚያው ነው ያለው። ይጻፉልኝ።"

"እጽፍልሻለሁ" አልኳት። "መጀመሪያ ግን ይውጣ። ስልኩ ይሠራል?"

"አንዳንዴ ይሠራል። እሱ ግን እምቢ ይላል። ባዶ ካገኙት ቤቱን ይይዙብኛል ነው የሚለው።"

"ይይዙበታል" አልኳት። "አይይዙበትም ብዬ አልዋሽሽም። ከወጣ በኋላ ስለ ቤቱ እጽፋለሁ፤ የፈለገ ያህል እጽፋለሁ። ለሰባተኛው ስም ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም።" ሰባተኛ ያልኩት አልገባትም። እህቴ ግን ገብቷት እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

ነርሷ ስልኳን አውጥታ እዚያው እፊታችን ደወለች። ብዙ ጠራ። በመጨረሻ ተነሣ። በኦሮምኛ ፈጥና ፈጥና ተናገረች፤ ከሁሉም "ኮታ" የሚለው ብቻ ነው የገባኝ፤ ኑ ማለቷ ነው። ደጋግማ አለችው። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም ንግግር ተሰማ፤ የእምቢታ ድምፅ በየትኛውም ቋንቋ ያስታውቃል። ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ወደ እኔ ዘረጋችው።

"አማርኛ ይሰማል" አለችኝ። "ከሽማግሌ አፍ ይስማው።"

ተቀበልኳትና፣ አይቼው ለማላውቅ ሰው፣ ቤትህን ጥለህ ውጣ አልኩት።